ለአውራ ዶሮ የተደረበ ባና

እመይቴ ዳሚትን የበደላት አለቃ ገብሴ ነው። ስሙን ከነማዕረጉ ከፊት ያስቀደምኩት፣ ኋላ «ማነው እሱ? ማነው እሱ?» እያላችሁ አፌ ውስጥ እንዳትገቡብኝ ነው። አሁን ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ «ወዲህ በይው» በሉኝ። አፉን ዘግቶ ለሚያየኝ ሰው አላወራም።

ድሮ ነው። እንስሳ እድር ያቋቋመበት፣ ኮርቻ ሰው የሚያማበት፣ ወንዝ የሚደራደርበት ድሮ። አንዲት አሮጊት በቅሎ ነበረች። መልኳ ዳማ ስለሆነ ስሟ ዳሚት ነው፤ ስታረጅ ጊዜ ታናናሾቿ «እመይቴ» ጨመሩላት። በደህናው ዘመኗ ሙሽራ ተቀምጦባታል፣ ዳኛ ተቀምጦባታል፣ አሞሌ ጨው ተጭኖባታል። ሙሽራውም ዳኛውም ጨውም ሄዱና ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ ብቻ ቀረላት። ዝንብ ያርፍበታል፣ ብርድ ይገባበታል። አንድ ቀን ጌታዋ ኮርቻዋን ፈታ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ «እንግዲህ ጡረታ ወጥተሻል፤ ያሻሽን ብይ፣ ባሻሽ ዋይ» አላት።

ብይ ዋይ ቢሏት የምትቀመጥ መሰላችሁ? እግሯ አላስቀምጥ አላት። አቀበቱን ትወጣለች፣ ትመለሳለች። አጥሩን ትዞራለች፣ ትመለሳለች። እንዲህ ስትንቆራጠጥ አንድ ጠዋት ከወንዙ ዳር ደረሰች።

ክረምት ነበር። ሣሩ ያለው ማዶ ነው። ትልልቆቹ በጎች ማልደው ይሻገራሉ፤ ግልገሎቹ ፀሐይ ሞቅ ሲል ለብቻቸው ይከተላሉ። የዚያ አገር በግ ልጇን የምትመክረው አንድ ምክር ነው። «ልጄ፣ ሸንበቆው ጋ ስትደርስ ዓይንህን ጨፍን። የደፈረሰ ውሃ ያየ ራሱ ይዞራል፤ ራሱ የዞረ ይወሰዳል። ድምፅ ብቻ ተከትለህ እለፍ።»

ድምፁ የአለቃ ገብሴ ነበር። አለቃ ገብሴ ገብስማ አውራ ዶሮ ነው። ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ጎረምሳ ዶሮ ስለተተካበት እሱም ጡረተኛ ነው። ለሰኮና በማትሆን ቀጭን ግንድ ላይ እየተንገዳገደ ይሻገርና ማዶ ቋጥኝ ላይ ይቆማል፤ «በዚህ ነው፣ በርቱ፣ በዚህ ነው፣ በርቱ» ይላል። ማንም አልላከውም። ይህን አልክድበትም፤ ሰው ሲበድል የሠራው ደግ ነገር አብሮ አይሰረዝም።

እመይቴ ዳሚት የደረሰች ቀን ውሃው አንዲት ግልገል አንገዳገደ። በቅሎዋ ማንንም አልጠየቀች፣ ማንም አልለመናትም፤ ገባች። ከላይ በኩል ቆመችና ውሃውን በደረቷ ሰበረችው። ከሷ በታች ያለው ውሃ ዝም አለ። ግልገሎቹ ጎኗን እየታከኩ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ድምፁን እየተከተሉ አለፉ። አለፉና ወደ ኋላ አላዩም፤ ጡት ናፍቋቸዋል።

በማግስቱም መጣች። በሠልስቱም መጣች። ክረምቱን ሙሉ መጣች፤ የሚቀጥለውንም ክረምት መጣች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደረቱ ላይ ጎርፍ የተደገፈበት ምን ይናገራል? ጥርሷን ነክሳ ነው የምትቆም። አለቃ ገብሴስ አያያትም ወይ ትሉኛላችሁ። ዶሮ ሲጮህ ዓይኑን እንደሚጨፍን አላያችሁም? ነገ እዩ። እንግዲህ ግልገሎቹ ጨፍነው፣ ዶሮው ጨፍኖ፣ ዓይኗን ገልጣ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

ታዲያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል እድሩ አዋጅ አስነገረ። የእድሩ ዳኛ አባ ቡሬ የሚባል፣ ከእርሻ የተሰናበተ በሬ ነው። «ጡረታ ወጥተው፣ ‹አርፈናል› ሳይሉ፣ ያለ ደመወዝ ሰፈሩን ያገለገሉ አረጋውያን ይሸለማሉ» አለ። በጎቹ ይህን ሲሰሙ ፀጉራቸውን ሰጡ። «ልጆቻችንን ላሻገረልን ባለውለታ ባና ይሠራ» አሉ። ሸረሪት ልትሸምን ተቀመጠች።

«ምን ያህል ላድርገው?» አለች ሸረሪት።

«ትልቅ ውለታ ነው፤ በትልቁ ሥሪው» አሉ በጎቹ።

ሸረሪት በትልቁ ሠራች። እመይቴ ዳሚት በዚያ በኩል የምታልፍበት ጉዳይ በዛ። ጠዋት ታልፋለች፣ ቀትር ታልፋለች፣ ማታ ታልፋለች። አንድ ጊዜ ማንም አያይም ብላ ከባናው አጠገብ ቆማ ጎኗን ለካችው። ልክ ነው። ከአንገት እስከ ጭራ ልክ ነው። «ገጣባዬን ይሸፍናል፤ ዘንድሮስ ብርድ ጀርባዬ ላይ አያድርም» አለች በልቧ። በአፏ ግን «ወፍራም ነው ይሄ ደግሞ፤ ማን ይለብሰዋል» አለች። ኩሩ እንዲህ ነው። የሚመኘውን ያጥላላል።

ቀኑ ደረሰ። ውሃው ጎደል ብሎ ስለነበር ሁሉም ከትልቁ ሾላ ሥር ተሰበሰበ። አባ ቡሬ ጉሮሮውን ጠራረገና ሥርዓቱን አስታወሰ።

«ለራሱ የመሰከረ ሽልማቱ ይቀርበታል። ይመስክሩለት እንጂ አይመስክር። የአባቶቻችን ደንብ ነው።»

መጀመሪያ ውሻው አያ መከታ ተጠራ። ጥርሱ አልቆ ከጥበቃ ቢሰናበትም ቀበሮ ሲመጣ መጮህ አልተወም። ዶሮዎች መሰከሩለት፤ ቅልጥም ተሰጠው። ቀጥሎ ስንጥቋ ጋን ተጠራች። ጠላ መያዝ ካቆመች ወዲህ በጎኗ ተኝታ ጫጩቶችን ከዝናብ ታስጠልላለች። ጫጩቶች መሰከሩላት፤ ስንጥቋን በጭቃ ለሰኑላት። ጋኒት አለቀሰች፤ ማልቀስ ለጭቃው ጥሩ ስላልሆነ ዝም አሰኟት።

«ሦስተኛ» አለ አባ ቡሬ፣ «ግልገሎቻችንን ያሻገረ።»

እመይቴ ዳሚት ጆሮዋን ቀና፣ ጀርባዋን ደልደል አደረገች።

«ግልገሎች ይናገሩ። ማን አሻገራችሁ?»

«ዓይናችንን ጨፍነን ነበር» አለ የግልገሎቹ ታላቅ።

«ምን ሰማችሁ?»

«የአለቃ ገብሴን ድምፅ።»

«ሌላስ?»

ግልገሎቹ ተያዩ። አንዷ ትንሽ ግልገል፣ «ደግሞ ግድግዳ ነበር» አለች።

«ወንዝ ውስጥ?»

«አዎ። ሞቅ ያለ ግድግዳ።»

«ወንዝ ውስጥ ማን ግድግዳ ያቆማል ልጄ?»

«እኔ ምን አውቄ። ፀጉር ግን ነበረው።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ፍየል ሳቋን መያዝ አቅቷት ተንፈራገጠች። አባ ቡሬም፣ «ልጆች ናቸው፤ ፈርተው ነው» አለና ወደ አለቃ ገብሴ ዞረ። «አለቃ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። ሌላ ሰው አይተዋል?»

አለቃ ገብሴ አሰበ። ለራሱ መመስከር አይችልም። ማንንም ደግሞ አላየም።

«ማንንም አላየሁም» አለ።

ከዚህ ይልቅ ቢዋሽ ይሻል ነበር። ውሸታም ይጋለጣል፤ ሳያይ «አላየሁም» የሚልን በምን ትይዘዋለህ?

ባናው መጣ። አራት በጎች ተሸክመው አመጡትና አለቃ ገብሴ ላይ አለበሱት። አለበሱት ማለቴ ጣሉበት። አለቃ ጠፋ።

«አለቃ የት ገቡ?» አለ አባ ቡሬ።

«እዚሁ ነኝ» አለ ድምፅ ከባናው ሥር። «ክብሩ ከብዶኝ ነው።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እመይቴ ዳሚት ማንንም ሳትሰናበት ከመሃል ወጣች። ያቺው ፍየል ለጎረቤቷ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች አሉ» ስትል ሰማቻት።

«በራሷ አሳጠረች በይ እንጂ» አለቻት እመይቴ ዳሚት ሳትዞር። «ተረት ከጀመርሽ ጨርሽው።»

ሄደች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። አንድ ቦታ ትቆምና ሣር ትነክሳለች፤ ሳታላምጥ ትተፋዋለች። ሌላ ቦታ ትተኛና ጎኗ መሬት ሳይነካ ትነሣለች። በመጨረሻ ቤት ገባች። ኮርቻው ከተሰቀለበት ግድግዳ ሆኖ ያያታል።

«ሰላም የለም?» አላት።

«ጀርባዬን ልጠህ ሰላም ልበልህ?»

«የላጠሽ የተቀመጠብሽ ነው፤ እኔ መሃል ላይ ነበርኩ። ምን ሆነሻል?»

ነገረችው። ኮርቻው ጠፍሩ እስኪንቀጠቀጥ ተናደደ።

«እርገጪው» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ላባው ሾላው ላይ ይቀራል።»

«ለዶሮ እግሬን ላነሣ? የበቅሎ እርግጫ ለጅብ ነው። ለዶሮ አላዋርደውም።»

ወጣች። አያ መከታ ደጃፍ ላይ ቅልጥሙን ይግጣል። ጥርስ የለውምና ይልሰዋል እንጂ አይግጠውም።

«አያ መከታ፣ ግልገሎቹን ያሻገርኩት እኔ ነኝ።»

ውሻው ቅልጥሙን አስቀመጠ። ትክ ብሎ አያት።

«ለዚያ ነው እንዴ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆነሽ የምትመጪው? እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ መታጠብ ያዘች፣ ሰው ወዳ ይሆናል ብዬ ነበር።»

«አፈር ብላ።»

«እሺ። ምን ላድርግልሽ? ልመስክርልሽ እንዳልል አላየሁም። ዝም በይ። ሽልማት ካለፈ በኋላ የሚናገር ቀናተኛ ይባላል።»

«አንተ ምን አለብህ፤ አፍህ በአጥንት ተይዟል» ብላው ሄደች።

ከዚያ እግሯ ወደ ለመደው ቦታ ወሰዳት። ወንዙ ዳር ቆመች። ጀምበር አዘቅዝቃለች። ወንዙ ገና ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ደጋው ላይ ጥቁር ደመና ተከምሯል።

«መጣሽ» አላት ወንዙ። «ወሬው ደርሶኛል።»

«አንተም ልትስቅ ነው?»

«እኔ? ሁለት ክረምት ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተናል። ስንት ጊዜ ልጥልሽ ሞከርኩ። የፊተኛው ግራ እግርሽ እንደሚከዳሽ ከኔ በቀር ማን ያውቃል? ምስክር ቢፈልጉ እኔን በጠሩኝ ነበር።»

እመይቴ ዳሚት ቀኑን ሙሉ አላለቀሰችም። እዚህ ጋ ዓይኗ ረጠበ። የሚያውቃት አንድ ጠላቷ ብቻ ሆነ።

«ስሚኝ» አለ ወንዙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ጠዋት ሙሉ ሆኜ እወርዳለሁ። አንቺ ቅሪ። አንድ ግልገል ብቻ ነው የምወስደው፤ ከአንድ በላይ አልልም። ያን ጊዜ ‹ማን ነበር ውሃውን የሚይዝልን?› ብለው ይጠይቃሉ። ፀጉር ያለው ግድግዳ ማን እንደሆነ ይገባቸዋል። ባናውን ራሳቸው አምጥተው ይደርቡልሻል።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«የትኛዋን?»

«ትንሿን። ቀላል ናት።»

በቅሎዋ አልተቀበለችም፣ አልተቃወመችም። ይህን አልደብቃችሁም፤ አሰበችበት። የተበደለ ሰው ብዙ ነገር ያስባል። ባናውን አሰበች፣ የፍየሊቱን ሳቅ አሰበች፣ አባ ቡሬ ተንበርክኮ ይቅርታ ሲላት አሰበች። ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላች። እንደ ቆመች መሸ፤ ወንዙ ሲያንጎራጉርባት አደረ።

ሲነጋ ወንዙ እንዳለው ሆነ። ደጋው ላይ ዘንቦ ነበርና ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ቡናማ ሆኖ ወረደ። ትልልቆቹ በጎች እንደ ምንም ተደጋግፈው ተሻገሩ፣ ከጉብታው ጀርባ ጠፉ። ፀሐይ ሞቅ አለ። ግልገሎቹ ሸንበቆው ጋ ደርሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጆሯቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ።

ድምፅ የለም።

እመይቴ ዳሚት ከዳር ሆና አየቻቸው። «በዚህ ነው፣ በርቱ» የሚል የለም። ግልገሎቹ የጨፈነ ዓይናቸውን ወዲህ አዞሩ፣ ወዲያ አዞሩ። ትንሿ ግልገል ጭራሽ ፊቷን ወደ ታችኛው ጥልቅ አድርጋ አንድ እግሯን አነሣች። ወንዙ አፉን ከፈተ።

«እግርሽን መልሺ» አለች እመይቴ ዳሚት። በሁለት ክረምት ለግልገሎቹ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ። አሁን እመጣለሁ።»

ከዚያ ገጣባዋን፣ ዕድሜዋን፣ የሚከዳትን እግር ሁሉ ረስታ ወደ አለቃ ገብሴ ቤት ጋለበች። ቆጡ ላይ የለም። መሬት ላይ ባናው ተከምሯል፤ ከሥሩ የሆነ ነገር ይንፈራገጣል። አለቃ ሽልማቱን ለብሶ ተኝቶ ከሥሩ መውጣት አቅቶት ኖሯል። በጥርሷ ባናውን ገፈፈች። አለቃ ገብሴ ላባው ተጨፍልቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት ወጣ።

«እግዜር ይስጥሽ እመይቴ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ጮኼ የሰማኝ የለም። ውስጡ ጨለማ ነው።»

«ምስጋናውን ተወው። ወንዙ ሞልቷል፤ ልጆቹ ቆመዋል።»

«ሞልቷል? ታዲያ በግንዷ እንዴት እሻገራለሁ?»

«ግንዷን ወስዷታል።»

«እንግዲያው ምን እናድርግ?»

እመይቴ ዳሚት እግሯ ሥር የወደቀውን ባና አየችው። ውብ ነው፤ ነጭና ጥቁር፣ ልክ በልኳ። አለቃም አይቷት፣ «ብርድ ነው፤ ደርቢው እንጂ፣ እኔንማ ገድሎኝ ነበር» አላት።

«ያልተሰጠኝን አልለብስም» አለች። አንገቱን በጥርሷ ቀስ ብላ ያዘች፣ ወደ ላይ ወረወረችው። ገጣባዋ አጠገብ አረፈና በጋማዋ ተንጠለጠለ።

«ወዴት ነው?»

«ወደምሠራበት።»

ወንዙ ስትመጣ አያት። «ተስማምተን አልነበረም?» አላት።

«አንተ አወራህ፣ እኔ ሰማሁ» ብላው ገባች።

ቁርጭምጭሚቷን ያዛት፤ ገፋች። ጉልበቷን ያዛት፤ ገፋች። ደረቷን ያዛት፤ እዚያ ላይ አግድም ቆመች። የፊተኛው ግራ እግሯ ተንቀጠቀጠ፤ ከድንጋይ አስደግፋ አቆመችው። አለቃ ገብሴ ጀርባዋ ላይ ሆኖ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደረቱን ነፋ።

«ግለጥ» አለችው በነከሰችው ጥርሷ መሃል። «ዛሬ ጨፍነህ ከጮህክ እጥልሃለሁ። የምታየውን ተናገር፤ ሌላ አልለምንህም።»

አለቃ ገብሴ ዓይኑን ገለጠ። ከላይ የሚመጣውን ውሃ አየ፣ ደረቷ ላይ ሲሰበር አየ፣ ከበታቿ ዝም ያለውን ውሃ አየ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ ድምፁ እንዲህ ቀጥኖ አያውቅም።

«ልጆች» አለ፣ «እመይቴ ዳሚት ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ውሃውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በታች፣ ጎናቸውን ይዛችሁ እለፉ። ቶሎ በሉ፤ እግራቸው ይንቀጠቀጣል።»

ግልገሎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ዓይናቸውን ይግለጡ አይግለጡ እመይቴ ዳሚት አላየችም፤ ፊቷን ወደ ጎርፉ አዙራ፣ ትንሿ ጎኗን ነክታ እስክታልፍ ድረስ ቆመች።

ተረቴን ወንዝ አሻግሬ ማዶ አስቀመጥኩላችሁ፤ የተጠማ ተሻግሮ ያምጣው። ለባለውለታህ ባና ስታሸምን፣ ልኩን ዳር ቆመህ ከሰማኸው ድምፅ አትውሰድ፤ ውሃው ውስጥ ገብተህ የተደገፍከውን ጎን ለካ።